የሸዋረጋ ጸጥታ

ሸዋረጋን ያወቅኋት ፍራንክፈርት፣ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር፣ አንድ የአፕል ወይን ቤት ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። እኔ አዲስ ገብቼ ድንች እልጣለሁ፤ እሷ መስኮቱ ስር ቆማ ለአረንጓዴው ሶስ የሚሆነውን ቅጠል ትቀነጥሳለች። ሰላም ስላት በአማርኛ መለሰችልኝና ወደ ቅጠሏ ዞረች። ኩሩ መሰለችኝ። ሳምንት ሳይሞላ ቢላ ጣቴን ሲቆርጠኝ ግን ከማንም ቀድማ ደርሳ፣ እጄን ቧንቧ ስር ይዛ፣ "አይዞሽ ውባለም፣ ይሄ ቢላ ያልቀመሰው ሰው እዚህ ቤት የለም" አለችኝ። በዚያው ወዳጆች ሆንን።

ደራሲ መሆኗን የነገረችኝ እሷ አይደለችም። አዲስ አበባ ሳለች በወጣትነቷ አጫጭር ልቦለዶች ጋዜጣ ላይ ወጥተውላታል፤ ጀርመን ከመጣች በኋላም አንዲት ቀጭን መድበል አሳትማለች። እኛ እሑድ እሑድ ለጸሎት በተከራየነው አዳራሽ፣ ጉባኤያችን ላይ ከሚመጡት ውስጥ መጽሐፏን ያነበቡ ነበሩ፤ ከእነሱ ነው የሰማሁት። ፊቷን የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው። ሰርግ ብትጠራ አትመጣም፤ ልደት አትመጣም፤ ለቅሶ እንኳ ደርሳ ሳትቀመጥ ነው የምትነሳው።

"ሰው ባለበት አልጽፍም" ትለኝ ነበር። "ሰው ሲያወራኝ የኔ ሰዎች ዝም ይሉብኛል።"

የኔ ሰዎች የምትላቸው ወረቀት ላይ ያሉትን ነው።

ዓንደሚካኤል የሚባል ኤርትራዊ ባለታክሲ አግቢኝ እያለ ለዓመታት ሲለምናት ኖሯል። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፍን ሳለ ራሷ አወጋችኝ። "ቤታችን ሁለት ክፍል ይሁን፤ አንዱን ለብቻሽ ያዢው፤ በሩን አላንኳኳም" ብሏት ነበር።

"ታዲያ ምን አልሽው?"

"እንደማታንኳኳ አውቃለሁ፤ ግን ከበሩ ጀርባ መኖርህን ስለማውቅ አልችልም አልኩት።"

ሳቀች። "አሁን እዚሁ ጎረቤት ኦፈንባክ ከተማ አግብቶ ወልዷል" አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ቤቷ ቦርንሃይም ሰፈር ነበር፤ በርገር ሽትራሰ ከሚባለው ጎዳና ገባ ብሎ፣ ደረጃው የእንጨት በሆነ አሮጌ ፎቅ ላይ። ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት። ኪራዩ ከድሮ ጀምሮ የተያዘ ስለሆነ ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰው ይቀናበታል። በአንዱ ክፍል ትተኛለች፤ በሌላው ከግድግዳው ጋር የተጋጠመ ጠረጴዛ አለ። ሥራችን ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እዚያ ትቀመጣለች። ስለ አንዲት እናትና ልጅ ረጅም ልቦለድ ጀምራ ነበር፤ ወደማያውቁት ከተማ የመጡ እናትና ልጅ። መሃሉ ላይ ቆሞባት ዓመታት አልፈዋል። "እናትየዋ በር ላይ ደርሳ ቆመች። አትገባ፣ አትመለስ" ትለኛለች፤ እንደ ጎረቤት ችግር ነበር የምታወራው።

ራህማን ወደዚያ ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። ራህማ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ኤርፖርት በጽዳት ትሠራለች። ሪደርቫልድ ሰፈር፣ እኛ ባለንበት ሕንፃ አንዲት ክፍል ከሰው ላይ ተከራይታ፣ ልጇን ኣማልን ይዛ ትኖር ነበር። ባሏ ሥራ ፍለጋ እንግሊዝ ገብቶ እዚያው ድምፁ ጠፋ። ክፍሉንም ባለቤቱ ለልጁ ፈለገው። በዚህ ከተማ ቮኑንግ፣ የሚከራይ ቤት፣ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የፈለገ ያውቀዋል። እኛ ቤት እንዳላስገባቸው ከነልጆቼ ተደራርበን ነው የምንተኛው። ሲጨንቀኝ ለሸዋረጋ ነገርኳት፤ እሺ ትላለች ብዬ አይደለም።

የያዘችውን ቅጠል አስቀመጠች። "ልጅቷ ታለቅሳለች?"

"አታለቅስም። ግን ትጠይቃለች።"

"ምን?"

"ያየችውን ሁሉ።"

ቅጠሏን መልሳ አነሳች። "እስከ ፋሲካ ብቻ" አለች። ራህማም ስነግራት ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ "እስከ ኢድ እንኳ አላስቸግራቸውም" አለችኝ። ፋሲካም አለፈ፣ ኢድም አለፈ።

የራህማ ሺሽት፣ የሥራ ፈረቃዋ፣ የማለዳ ስለነበረ ኣማልን አልብሶ ኪታ ወደሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ማድረስ በሸዋረጋ ላይ ወደቀ። ልጅ ወልዳ አታውቅ፣ ፀጉር ሠርታ አታውቅ። መጀመሪያ ሰሞን ልጅቷ አንዱ ጎንጉን ወደ ሰማይ አንዱ ወደ ምድር ሆኖ ትሄድ ነበር። ኣማል ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። "ሸዋረጋ" ማለት ቢከብዳት "ሾሾ" አለቻት፤ ሾሾ ሆና ቀረች። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በጀርመንኛ ትጠይቃታለች። "ሾሾ፣ ለምንድነው ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ የምትቀመጪው? ተቆጥተውሽ ነው?" ኪታ ውስጥ ያጠፋ ልጅ እንዲያ ይቀመጥ እንደሆነ እንጃ። ሸዋረጋ ይህን ለእኔ ስትነግረኝ ከሳቅ የተነሳ መቀንጠስ አቃታት። እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መጻፍ ጀመረች። ልጅቷን አድርሳ ስትመለስ ኡባን፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ላይ ትጽፋለች። ኪታው ኮሪደር ላይ፣ የልጆቹ ጫማ ማውለቂያ ትንሽ አግዳሚ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣ ትጽፋለች። ምድጃ ላይ ሾርባ ጥዳ ቆማ ትጽፋለች። እናትየዋ በሩን አልፋ ገባች። ልጅቷ መናገር ጀመረች። ሥራ ላይ አንዳንዱን ታነብልን ነበር፤ እቃ አጣቢው ኣብራሃ እንኳ የውሃውን ጩኸት ዘግቶ ያዳምጣል። አዲስ አበባ ላለ ግሩም ለሚባል አሳታሚ እስከዚያ የጻፈችውን ላከችለት። ደውሎላት፣ "እነዚህን ሰዎች ከየት አመጣሻቸው? ትንፋሻቸው ይሰማኛል እኮ! እባክሽ ቶሎ ጨርሺው" አላት።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው።

"ውባለም፣ በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል ይህን ያህል ከጻፍኩ" አለችኝ፣ "ጸጥታ ባገኝማ የት በደረስኩ!"

"የት ይሂዱ ታዲያ?" አልኳት።

ወደ ቅጠሏ ዞረች።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ፣ ራህማ ሥራ ላይ ሳለች፣ ሸዋረጋ በሯን ዘግታ ስትጽፍ ነበር። ስትጠብቀው የከረመችው የመጽሐፉ ትልቁ ቦታ መጣልኝ ብላ ነው። ኣማል ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ የኪታ ልጆች ፋኖስ ይዘው የሚዘምሩትን መዝሙር እየዘመረች ድስት ትመታለች። አንዴ ዝም በይ አለቻት። ዝም አለችና እንደገና ጀመረች። ሸዋረጋ በሩን በርግዳ ወጥታ፣ "ዝም በይ! አንድ ቀን እንኳ ዝም ማለት አትችዪም?" ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ ማንኪያውን ቀስ አድርጋ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ሸዋረጋ ወደ ጠረጴዛዋ ብትመለስ የመጣላት ነገር ሄዷል።

ራህማ ከሰዓት በኋላ ስትገባ፣ ገና በር ላይ ጫማዋን እያወለቀች ሳለ፣ ሸዋረጋ ነገረቻት።

"ራህማ፣ እንዳትቀየሚኝ። መጽሐፌን መጨረስ አለብኝ። ዕድሜዬ እየሄደ ነው። ብቻዬን ካልሆንኩ አልጨርሰውም።"

ራህማ አንዱን ጫማ በእጇ እንደያዘች ቆመች። "ገባኝ፣ እትዬ።"

"አላስቸኩልሽም። ቦታ እስክታገኚ…"

"አብሽሩ" አለቻት ራህማ። "የእናቴ ልጅ ይህን ያህል አይዘኝም ነበር። አላህ ያክብርልኝ።"

ይህን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል፤ ቃላቸውም አንድ ነው። አንዳቸውም አልቆጡም፣ አልተካሰሱም። ራህማ በፍራንክፈርት ቮኑንግ ብትፈልግ ስላጣች ሰሜን ጀርመን፣ ብሬመን ከተማ ያለችው የአክስቷ ልጅ ዘንድ ለመሄድ ወሰነች።

የሸኘናቸው እኔና ሸዋረጋ ነን። ባቡሩ ሲመጣ ኣማል ከጀርባዋ ቦርሳዋን አንግታ፣ የሸዋረጋን ኮት ጫፍ ይዛ፣ "ኮምስት ዱ ሚት?" አለቻት፤ አብረሽን ትመጫለሽ ማለቷ ነው። እንዲህ በሹክሹክታ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። እንቅልፍ ያልጠገበች መስላኝ ነበር።

"አይ የኔ ቆንጆ" አለቻት ሸዋረጋ፣ "ሾሾ ሥራ አላት።"

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀችና ኮቷን ለቀቀች።

ሸዋረጋ ከሥራ ኡርላውብ፣ የዓመት ፈቃዷን፣ ወሰደች። ስልኳን አጠፋች፣ መጋረጃውን ዘጋች፣ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ቀን ደክሞኝ ነው አለች። ቀጥሎ ጠረጴዛውን ከግድግዳው አላቃ ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ ከዚያ መልሳ ወደ ግድግዳው። በወሩ ማለቂያ ልጠይቃት ሄድኩ። ቤቱ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ነጭ ነው።

"ጸጥታው ጆሮዬን ያመኛል" አለችኝ። "እናትየዋ እየተራመደች ነበር፤ አሁን እግሯ የት እንዳለ አላውቅም። ልጅቷ ደግሞ ምንም አትጠይቅም። አስጠይቃታለሁ፣ ግን የምትጠይቀው እኔ የማውቀውን ነው።"

አንድ ጠዋት ተነስታ ወደ ኪታው ሄደች። ልጆቹ ግቢ ወጥተው ይጫወታሉ። አጥሩን ይዛ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ድምፃቸውን ስትሰማ አስተማሪዋ መጣችና ማንን እንደምትፈልግ በቁጣ ጠየቀቻት። ኣማልን ታደርስ የነበረችው መሆኗን ስታስታውስ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ እሷ ግን በእፍረት አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

መጀመሪያ ላይ አርብ አርብ ብሬመን ትደውል ነበር። ራህማ ታነሳለች፤ ኣማልን አቅርቢልኝ ስትላት፣ "ትንሽ አፍራ ነው፣ እትዬ" ትላታለች። ከዚያ በየአርቡ የነበረው በወር አንዴ ሆነ። ቆይቶም ቁጥሩ የማይሠራ ሆነ።

መጽሐፉን ጨረሰችው፤ ጥርሷን ነክሳ ነው የጨረሰችው። ግሩምም አሳተመላት። ደውሎ የነገራትን ማዕድ ቤት መጥታ ደገመችልን፦ "የመጀመሪያው ግማሽ ይተነፍሳል። ሁለተኛው በደንብ ተጽፏል።" ከዚያም ቀኑን ሙሉ፣ ድስት ስታነሳም ስትጥድም፣ "በደንብ ተጽፏል" እያለች ትስቃለች። ኣብራሃ፣ "ሳቋ ደስ አላለኝም፤ ወደ ቤቷ አድርሺያት" አለኝ ትግርኛ በተቀላቀለበት አማርኛው። አደረስኳት። በር ላይ ስንደርስ እጄን ይዛ፣ "ብሬመን አብረሽኝ ትሄጃለሽ?" አለችኝ።

የራህማን አዲስ ቁጥር ከኤርፖርት ባልደረቦቿ አፈላልጌ አገኘሁት። ስደውልላት ደስ አላት፤ ኑ አለችን። ከሄዱ ዓመታት አልፈዋል፤ ራህማ ኡወይስ የሚባል ሰው አግብታ ወንድ ልጅ ወልዳለች። እኛ ስንደርስ ባሏ ሥራ ነበር፤ ሕፃኑ ተኝቷል። ራህማ ሸዋረጋን አቅፋ ትከሻዋን ደጋግማ ሳመቻት። "አርጅተዋል እንዳልል ያው ኖት፤ ቀጥነዋል እንጂ" እያለች አስቀመጠችን።

ኣማል ከክፍሏ ወጣች። ረዝማለች። እጇን ዘርግታ በጀርመንኛ ሰላም አለችን።

"ኣማልዬ፣ ሾሾ እኮ ናት!" አለቻት እናቷ።

ልጅቷ በትሕትና ፈገግ አለች፤ ለእንግዳ ፈገግ እንደሚባለው። ከዚያ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ስትሄድም ስትዘጋም ኮሽታ አልነበረም።

ሸዋረጋ መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ለራህማ ሰጠቻት። ራህማ ገለጥ አድርጋ ጥቂት ገጽ አነበበችና ድንገት ከልቧ ሳቀች። "ወላሂ ይሄ የእኔ አረማመድ ነው! ከሺሽት ስመለስ ደረጃውን ስወጣ እንዲህ ነበር የማቃስተው? ይሄ ደሞ የኣማል ጥያቄ!" ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ልጆቹ ክፍሎች ዞር ብላ አየች።

"ኣማልስ እንዴት ጨዋ ሆናለች!" አለች ሸዋረጋ። "ቤት ውስጥ ልጅ ያለም አይመስልም።"

ራህማ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

"ጨዋነት አይደለም፣ እትዬ።"

"ምንድነው ታዲያ?"

"እዚህ እንደመጣን በእግሯ ጣት ነበር የምትሄደው። ሽንት ቤት ገብታ ውሃ አትለቅም፤ ይጮሃል ብላ። የአክስቴ ልጅ ቤት እንግዳ መጥቶ ሲስቅ፣ 'ዝም በሉ፣ ያስወጡናል' አለቻቸው። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ነኝ ያልሳቅኩት። ኪታ ጠሩኝና ልጅሽ ድምጿን ለምን አታወጣም አሉኝ። ሐኪም ዘንድ ቴርሚን፣ ያው ቀጠሮ፣ ያዙልኝ። ብዙ ጊዜ ተመላለስን። አሁን ይሻላል፤ ትምህርት ቤት እጇን ታወጣለች። ግን ድምጿ እዚያው ቀረ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?" የሸዋረጋ ድምፅ ራሱ ይሰማ አይሰማ ነበር።

"ምን ብዬ ልንገርዎ? አንቱ መጽሐፍ ይጽፋሉ። ውለታዎም አለብኝ፤ በጭንቅ ቀኔ በር ከፍተውልኛል። ብደውል ወቀሳ ይሆንብኛል ብዬ ተውኩት። ሐቁን ልንገርዎ ካልኩ ደግሞ፣ ስምዎን ስትሰማ ልጅቷ ትደነግጥብኝ ነበር።"

ሸዋረጋ ተነሳች። የኣማልን በር አንኳኩታ ገባች። በሩ ክፍት ስለቀረ እኔና ራህማ እናያቸዋለን። አልጋው አጠገብ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ጉልበቷ እያመማት።

"ኣማል፣ ያኔ ከቤቴ የወጣችሁት ስለጮኽሽ አይደለም። የሾሾ ጥፋት ነው። የአንቺ ድምፅ ምንም አላጠፋም፤ ለመጽሐፌ የሚበጀው እሱ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁት።"

ልጅቷ በጀርመንኛ፣ "አላስታውሰውም" አለቻት። አየቻትና ደግሞ፣ ታላቅ ሰው ታናሹን እንደሚያጽናና ዓይነት፣ "ምንም አይደለም" አለቻት።

ሸዋረጋ ምን እንደነካት አላውቅም፤ ያንን የፋኖስ መዝሙር መዘመር ጀመረች። ጀርመንኛው የተሰባበረ፣ ዜማው የተሳሳተ፤ በእጇም የአልጋውን እንጨት ትመታለች። ከፍ አድርጋ ዘመረችው። ኣማል ፊቷ ተለዋወጠ፤ ልትስቅ ነው አልኩ በልቤ። ልጅቷ ግን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ "ሽሽ" አለቻት። "ሕፃኑ ተኝቷል።"

ሸዋረጋ እጇን ከአልጋው እንጨት ላይ አነሳች።

በባቡር ስንመለስ መስኮቱን እያየች ብዙ መንገድ ሄድን። መጨረሻ ላይ፣ "የጻፍኳት ልጅ ትጮሃለች" አለችኝ። "እዚያ ውስጥ አሁንም ድስት እየመታች ነው። የትኛዋን ነው ያተረፍኩት?" እኔ የማውቀው መጸለይ ነው፤ እጇን ይዤ በልቤ ጸለይኩ።

ከዚያ በኋላ ሸዋረጋ ጡረታ ወጣች፤ ጉልበቷም ማዕድ ቤት መቆም አልቻለም። ሰርግ ስንጠራት ትመጣለች አሁን፤ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ፣ ሰው ሲያወራ አፍ አፉን ታያለች። ለቅሶ ቤት ታድራለች። ትጽፋለች፤ ግን ጥቂት ነው፤ አሳትሚ የሚላት ሲገኝም ቀስ ብዬ ትለዋለች። የመጽሐፉን ሁለተኛ ግማሽ ደግማ ልትጽፈው ሞክራ ትታዋለች። "ያንን የሚሞላልኝ ያ ጊዜ ብቻ ነበር፤ አሳለፍኩት" አለችኝ።

ኣማልን ለበልግ ዕረፍት ወደ ፍራንክፈርት እንድትመጣ ጋብዛታለች። ራህማ አልከለከለችም፤ "እሷ ከፈለገች" ብላለች። ልጅቷ እስካሁን እሺም እምቢም አላለችም። እሑድ እሑድ ግን ስልክ ትቀርባለች። ባለፈው እሑድ ከጉባኤ ስመለስ ሸዋረጋ ዘንድ ጎራ ብዬ ነበር፤ ሲደወል ደረስኩ። ስልኩን ለሁለታችንም እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከታች ትራም ስላለፈ ተነስታ መስኮቱን ዘጋችው። የሚፈላውን ውሃ አጠፋች። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አቀረበች። ኣማል ትምህርት ቤት ዋና ስለመማሯ ነበር የምትነግራት።

"ጮክ በይ፣ የኔ ቆንጆ" አለቻት ሸዋረጋ። "እንደፈለግሽ ጩኺ። ማንም የለም።"

ከወዲያ በኩል ልጅቷ የተናገረችውን ደገመችው፤ በዚያው በቀስታ ድምጿ።